ባለ አራት ስፒከር የጊታር ሳጥን ያለ ሶልደር ማገናኘት፦ ከለገጣፎ የቀረበ ጥያቄ

ጊታር ከለገጣፎ፦ ቅዳሜ ምሽት

ሰላም ለሁላችሁም። ለገጣፎ ውስጥ ከጓደኞቼ ጋር የምንለማመድበት ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ክፍል አለን። ባለፈው ወር ወደ ውጭ አገር ከሚሄድ ሙዚቀኛ ላይ ባለ አራት ቀዳዳ ባዶ የጊታር ስፒከር ሳጥን፣ ከእሱም ጋር በካርቶን የታሸጉ አራት ባለ 12 ኢንች ስፒከሮች ገዛሁ። ሻጩ አራቱም 16 ኦም፣ እያንዳንዳቸው 30 ዋት መሆናቸውን ነግሮኛል። አምፕሊፋየሬ ባለ ቫልቭ (አምፖል መሰል የመስታወት ቱቦ ያለው) 50 ዋት ሲሆን ከጀርባው 4፣ 8 እና 16 ኦም የሚል መምረጫ አለው።

ሶልደር ማድረግ (መበየድ) ያልፈለግሁት በስንፍና ብቻ አይደለም። ከዚህ በፊት አንድ ስፒከር ከተማ ወስጄ አሠርቼ ነበር። ሠራተኛው መበየጃውን ሽቦ በሚያያዝበት የስፒከሩ የብረት ምላስ ላይ አስደግፎ ብዙ ስለቆየ ምላሱን የያዘው ፕላስቲክ ቀለጠ፤ ከምላሱ ድምፅ ወደሚያወጣው የስፒከሩ ወረቀት የሚሄደው የተጎነጎነ ስስ ሽቦም ተላቀቀና ስፒከሩ በዚያው ቀረ። አሁን ደግሞ ስፒከሮቹን ወደፊት መለዋወጥ ስለምፈልግ፣ በእጅ ተገፍቶ የሚገባና ተስቦ የሚወጣ ግንኙነት ቢሆንልኝ እመርጣለሁ። ይህ አሠራር አስተማማኝ ነው? ከሆነስ ከየት ልጀምር?

የቴስተር ሰው፦ ቅዳሜ ምሽት

ወንድሜ፣ ይቻላል፤ በደንብም ይሠራል። ነገር ግን ከሽቦው በፊት ስፒከሮቹን አንድ በአንድ ይለኩ፤ የሻጭ ቃል ልኬት አይደለም። ቴስተርዎን በ200 ኦም ላይ ያድርጉና በመጀመሪያ ሁለቱን ጫፎች እርስ በርስ አነካክተው የሚያሳየውን ቁጥር ይያዙ፤ ያ የቴስተሩ የራሱ ገመዶች ቁጥር ስለሆነ ኋላ ከልኬቱ ይቀነሳል። ቴስተር የሚያነበው የኮይሉን (ስፒከሩ ውስጥ ያለውን የሽቦ ጥቅልል) ሬዚስታንስ እንጂ ኢምፔዳንሱን (ድምፅ ሲያልፍበት የሚያሳየውን ተቃውሞ) ስላልሆነ ባለ 16 ኦም ስፒከር 16 አያሳይም፤ 12 ወይም 13 አካባቢ ያሳያል። ባለ 8 ኦሙ ከ6 እስከ 7 ያሳያል። ምንም ካላነበበ ወይ ኮይሉ ተቃጥሏል፣ ወይ ያ እርስዎ ያሉት የተጎነጎነ ሽቦ ተበጥሷል።

አራቱም በእርግጥ 16 ኦም ከሆኑ ሁለት ጤናማ መንገዶች አሉዎት። የመጀመሪያው አራቱንም በፓራለል (ፖዘቲቮቹን በአንድ፣ ኔጌቲቮቹን በአንድ) ማሰር ነው፤ 16 ለ4 ሲካፈል 4 ኦም ይሆናል። ሁለተኛው ሁለት ሁለቱን በሲሪስ (አንዱን ከሌላው አስከትሎ) አስሮ፣ የተገኙትን ሁለት 32 ኦም ጥንዶች በፓራለል ማገናኘት ነው፤ ውጤቱ ተመልሶ 16 ኦም ይሆናል። ማርሻል 1960 ኤ የሚባለው የታወቀ ሳጥን ይህንኑ ነው የሚያደርገው፤ አራት ባለ 16 ኦም ስፒከሮች ይዞ በአንድ መግቢያ 4፣ በሌላው 16 ኦም፣ በስቴሪዮ ሲሆን ደግሞ በየጎኑ 8 ኦም ይሰጣል። አራቱንም በሲሪስ ካሰሩ ግን 64 ኦም ስለሚሆን አምፕሊፋየርዎ አይወደውም።

ለእርስዎ ሁለተኛውን እመክራለሁ። 50 ዋት በ16 ኦም ላይ ወደ 28 ቮልት ገደማ ሲሆን በሽቦው የሚያልፈው ኮረንት 2 አምፔር እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ወፍራም ሽቦ ፍለጋ አይድከሙ።

የሰበታው ኤሌክትሪሲያን፦ እሑድ ጠዋት

እኔ የመኪና ኤሌክትሪሲያን ነኝ፤ ጊታር አልጫወትም፤ ነገር ግን የጠየቁት ነገር የየቀን ሥራዬ ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም። የሚያስፈልግዎ በመኪና መለዋወጫ ሱቆች የሚሸጠው፣ ሽቦው ጫፍ ላይ ተጨምቆ ምላሱ ላይ የሚገፋው ጠፍጣፋ ሴት ተርሚናል ነው። መጠኑ በምላሱ ስፋት ይጠራል፤ የተለመዱት 2.8፣ 4.8 እና 6.3 ሚሊ ሜትር ናቸው። ስፒከር ከስፒከር ስለሚለያይ፣ አንዳንዴም በአንዱ ስፒከር ላይ የፖዘቲቩና የኔጌቲቩ ምላስ ስፋት ስለማይመሳሰል፣ ሳይለኩ አይግዙ። የሰፋ ተርሚናል በጠባብ ምላስ ላይ ገብቶ የያዘ መስሎ ይታያል፤ ሳጥኑ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ግን ይለቃል።

ሽቦው ብዙ ስስ ክሮች ያሉት ይሁን። ለቤት መስመር የሚዘረጋው ባለ አንድ ዘንግ ሽቦ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ በንዝረት ብዛት አንገቱ ላይ ይሰበራል። ባለ 1.5 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ክር ሽቦ ይበቃዎታል። የተርሚናሉ ፕላስቲክ ቀለም ደግሞ ለጌጥ የተደረገ አይደለም፤ ቀዩ ከ0.5 እስከ 1.5፣ ሰማያዊው ከ1.5 እስከ 2.5፣ ቢጫው ከ4 እስከ 6 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ለሆነ ሽቦ ነው። እስከ ጫፉ በፕላስቲክ የተሸፈነውን ዓይነት ይምረጡ፤ ባዶ ብረት ከስፒከሩ አካል ጋር ቢነካካ ሾርት ይፈጠራል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ተርሚናል በተራ ፒንሳ አይጨመቅም። ብዙ ሰው በጥርሱ ወይም በፒንሳ ጫፍ ጠፍጠፍ አድርጎ ይተወዋል፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይህ ነው። የተርሚናል መጭመቂያ መሣሪያ አለ፤ እስከ መጨረሻው ካልተጨመቀ መልሶ የማይከፈተው ዓይነት ይሻላል። መግዛት ካልፈለጉ ሽቦዎቹን በልካቸው ቆርጠው አቅራቢያዎ ወዳለ የመኪና ኤሌክትሪሲያን ቢወስዷቸው ሁሉንም ሻይ ሳይቀርብ ይጨርስልዎታል። ሽቦውን ከ6 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ያህል ይላጡ፤ ሲልጡ አንድም ክር እንዳይቆረጥ። ክሮቹን በጣትዎ ትንሽ ጠምዝዘው ያስገቡና ይጭመቁ። ከዚያ ተርሚናሉን በአንድ እጅ፣ ሽቦውን በሌላው ይዘው አጥብቀው ይሳቡ። ከወጣ አሁን መውጣቱ መልካም ነው፤ ይጣሉትና በሌላ ይተኩ።

ብየዳ ይሻላል፦ እሑድ ከሰዓት

ይቅርታ ይደረግልኝና እኔ በዚህ አልስማማም። ስፒከር ሳጥን ማለት የሚንቀጠቀጥ ሣጥን ማለት ነው፤ ተገፍቶ የገባ ነገር አንድ ቀን ይወጣል። ባለ ቫልቭ አምፕሊፋየር ደግሞ እየሠራ ሳለ ስፒከሩ ከተቋረጠበት በውጤት ትራንስፎርመሩ ላይ ከፍተኛ ቮልቴጅ ተነሥቶ ሊያቃጥለው ይችላል። የአንድ ትራንስፎርመር ዋጋ ስንት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ሶልደር ይማራል። ቢያንስ ሽቦውን መጀመሪያ በሶልደር አጠንክሮ ከዚያ ተርሚናሉን ቢጭን ይሻላል።

የሰበታው ኤሌክትሪሲያን፦ እሑድ ከሰዓት

ወንድሜ፣ ሰበታ መንገድ ላይ ከሚያልፈው ሲኖትራክ የበለጠ የሚንቀጠቀጥ የጊታር ሳጥን ካለ ያሳዩኝ። የዚያ መኪና የመብራት መስመር በሙሉ የተጨመቀ ተርሚናል ነው።

የቴስተር ሰው፦ እሑድ ምሽት

«ብየዳ ይሻላል» ስለ ትራንስፎርመሩ የተናገሩት እውነት ነው፤ ባለ ቫልቭ አምፕሊፋየር ያለ ስፒከር ፈጽሞ አይበራም። ትራንዚስተር ያለው አምፕሊፋየር በተቃራኒው ስፒከር ቢነቀልበት ግድ የለውም፤ የሚጎዳው በሾርት ወይም ከተፈቀደለት ባነሰ ኦም ነው።

ሽቦውን አስቀድሞ በሶልደር ማጠንከር ያሉት ግን ጉዳት አለው። ሶልደር ለስላሳ ብረት ስለሆነ በግፊት ሥር ቀስ በቀስ ይሸሻል። ዛሬ የጠበቀው ተርሚናል ወይም ብሎን ከወራት በኋላ ላልቶ ይገኛል። ከዚህም ሌላ ሶልደሩ በሽቦው ውስጥ ወደ ላይ ተስቦ የሚቆምበት ቦታ ላይ ሽቦው እንደ ዘንግ ይደርቃል፤ በንዝረት የሚሰበረውም እዚያው ነው። ስለዚህ ወይ ሶልደር ብቻ፣ ወይ ጭምቅ ብቻ ይሁን።

ቤዝ ተጫዋቿ፦ ሰኞ ጠዋት

እኔ የምጨምረው ስለ ፖላሪቲ (የፖዘቲቭና የኔጌቲቭ አቀማመጥ) ነው፤ ምክንያቱም በዚህ ስሕተት ሁለት ወር ተሠቃይቻለሁ። ሁለት ስፒከር ያለው ሳጥኔን እኔው ራሴ አገናኝቼ ስጫወት ድምፁ ይሰማል፤ ነገር ግን ሆድ የለውም። ክፍት ኢ ክር ስመታ የጣቴ ጭረት ብቻ ነበር የሚሰማው። ገመድ ቀየርኩ፣ ፒካፕ ከፍ ዝቅ አደረግሁ፤ ጥፋተኛው ጊታሩ ነው ብዬም ልሸጠው ነበር። መጨረሻ ላይ የፊት መሸፈኛውን አውልቄ ጣቴን በቀስታ ወረቀቶቹ ላይ ሳሳርፍ አንዱ ወደ ውጭ ሲገፋ ሌላው ወደ ውስጥ እንደሚሸሽ ተሰማኝ። አንዱ የሚገፋውን አየር ሌላው ይውጠዋል፤ ቤዙ የሚጠፋው በዚህ ነው።

መድኃኒቱ ባለ 1.5 ቮልት ተራ ባትሪ ነው። ከባትሪው ፖዘቲቭ የመጣውን ሽቦ በአንዱ ምላስ፣ ኔጌቲቩን በሌላው ላይ ለቅጽበት ብቻ ያስነኩ። ወረቀቱ ወደ ውጭ ብቅ ካለ የባትሪው ፖዘቲቭ የነካው ምላስ ፖዘቲቭ ነው። ቀይ ነጥብ ተቀብቶበት ቢያገኙትም ይሞክሩት፤ የድሮ ጄቢኤል ስፒከሮች ለምሳሌ በተቃራኒው የተሠሩ ነበሩ። ባትሪውን አስደግፈው አይቆዩ፤ ጧ ሲል ይበቃል።

ጊታር ከለገጣፎ፦ ማክሰኞ ምሽት

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ የቴስተር ሰው እንዳሉት ለካሁ፤ ደግ አደረግሁ። የቴስተሩን ገመድ ቀንሼ ያገኘሁት 12.8፣ 12.6፣ 13.0 እና 6.5 ነው! አራተኛውን ገልብጬ ሳየው ከማግኔቱ ላይ ጽሑፉ ተፍቋል፤ መልኩ ግን ከሌሎቹ ጋር አንድ ነው። 8 ኦም መሆኑ ነው ማለት ነው? ይህንኑ አብሬ ባስረው ምን ይሆናል?

የቴስተር ሰው፦ ማክሰኞ ምሽት

አዎን፣ 8 ኦም ነው። አብሮ ቢታሰር ምን እንደሚሆን እናስላው። አንደኛው ጥንድ 16 ሲደመር 16፣ ማለትም 32 ኦም ነው። ሁለተኛው 16 ሲደመር 8፣ ማለትም 24 ኦም ነው። ሁለቱ በፓራለል 13.7 ኦም ገደማ ይሆናሉ። ይህ ቁጥር ለአምፕሊፋየሩ 16 መምረጫ የራቀ ስላልሆነ ትራንስፎርመሩን አይጎዳም። ችግሩ ክፍፍሉ ነው። 50 ዋት ሲገባ በመጀመሪያው ጥንድ ያሉት ሁለቱ ስፒከሮች እያንዳንዳቸው ወደ 10.7 ዋት ያህል ይደርሳቸዋል፤ ባለ 8 ኦሙ 9.5 ዋት ያገኛል፤ ከእሱ ጋር የታሰረው ምስኪን ባለ 16 ኦም ግን 19 ዋት ይሸከማል። ስፒከሮቹ በእርግጥ 30 ዋት ከሆኑ አይቃጠልም፤ ነገር ግን ከአራቱ አንዱ ከሌሎቹ ጎልቶ ይጮኻል። እንዲያውም ባለ ቫልቭ አምፕሊፋየር እስከ ጥግ ሲከፈት ከተጻፈበት ዋት በላይ ስለሚያወጣ ይህ 19 ዋት በ19 አይቆምም።

እንደኔ ሐሳብ አራተኛውን ባለ 16 ኦም እስኪያገኙ ድረስ ሁለቱን ብቻ በፓራለል አስረው በ8 ኦም መምረጫ፣ ድምፁን መካከለኛ አድርገው ይለማመዱ። ሌሎቹን ሁለት ስፒከሮች ሳይገናኙ በቦታቸው ይተዋቸው፤ ቀዳዳው ባዶ ከሚቀር ይሻላል።

ጊታር ከለገጣፎ፦ ረቡዕ ጠዋት

ግልጽ ነው። ሻጩ አሁን አገር ውስጥ ስለሌለ ክርክር የለም፤ ባለ 16 ኦም እፈልጋለሁ። አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። ከኋላ ያለው የጃክ መግቢያ ሁለት ትናንሽ ቀዳዳ ያላቸው ምላሶች ነው ያሉት፤ ለሶልደር የተሠሩ ናቸው። እዚህስ ምን ላድርግ?

ቤዝ ተጫዋቿ፦ ረቡዕ ከሰዓት

የጃኩን መግቢያ ይተዉትና ስፒኮን (ጠምዝዞ የሚቆለፍ የስፒከር ማገናኛ) ይግጠሙበት። የቤተ ክርስቲያንና የሠርግ ድምፅ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ሁሉ አላቸው። ሳጥኑ ላይ የሚገጠመው ባለ አራት ነጥብ የኒውትሪክ ስፒኮን ከጀርባው 4.8 ሚሊ ሜትር ጠፍጣፋ ምላሶች ስላሉት ያው ሴት ተርሚናል ይገባበታል። 1 ፕላስና 1 ማይነስ የተባሉትን ብቻ ይጠቀሙ፤ ሁለቱ ባዶ ይቅሩ። ገመዱ ላይ የሚገባው ስፒኮን ደግሞ ውስጡ በብሎን ስለሚታሰር ካቻቢቴ ብቻ ይበቃዋል። በሁለቱም ጫፍ ጃክ ያለው የተዘጋጀ የስፒከር ገመድ ገዝተው አንዱን ጫፍ ይቁረጡና ስፒኮኑን ይሰሩበት፤ የቀረው ጃክ ወደ አምፕሊፋየሩ ይገባል። ጠምዝዘው ሲቆልፉት ማንም እግሩን አደናቅፎት አይነቅለውም፤ ይህ ለ«ብየዳ ይሻላል» ሥጋትም መልስ ይመስለኛል።

ሲቆርጡት ውስጡን ይዩ። እኩል ውፍረት ያላቸው ሁለት ሽቦዎች ካዩ የስፒከር ገመድ ነው። አንድ ስስ ሽቦ መሐል ላይ ሆኖ ሌላው እንደ መረብ ከከበበው የጊታር ገመድ ሸጠውልዎታል፤ ይመልሱት።

ብየዳ ይሻላል፦ ረቡዕ ምሽት

ስፒኮኑን ተቀብያለሁ። ሁለቱ ጥንዶች የሚገናኙበትን ቦታ ግን እንዴት ልታደርጉት ነው? በአንድ ተርሚናል ውስጥ ሁለት ሽቦ ካጨቃችሁ እኔ የለሁበትም።

የሰበታው ኤሌክትሪሲያን፦ ረቡዕ ምሽት

ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ባለ ማንሻ ማገናኛ፣ ለምሳሌ ዋጎ 221 ባለ ሦስት ቀዳዳውን፣ ሁለት ይግዙ። ክር ሽቦ በቀጥታ የሚቀበልና እስከ 4 ስኩዌር ሚሊ ሜትር የሚይዝ ነው። ከስፒኮኑ ፕላስ አንድ ሽቦ ወደ አንደኛው ማገናኛ ይገባል፤ ከእሱ ሁለት ሽቦዎች ወደ 1ኛውና ወደ 3ኛው ስፒከር ፖዘቲቭ ይሄዳሉ። የ1ኛው ኔጌቲቭ ከ2ኛው ፖዘቲቭ፣ የ3ኛው ኔጌቲቭ ከ4ኛው ፖዘቲቭ ጋር ይያያዛል። የ2ኛውና የ4ኛው ኔጌቲቮች በሁለተኛው ማገናኛ ተገናኝተው ወደ ስፒኮኑ ማይነስ ይመለሳሉ። ስምንት ሽቦ፣ አሥር ተርሚናል፣ ሁለት ማገናኛ፤ ሌላ የለም።

ብየዳ ይሻላል፦ ረቡዕ ምሽት

ማገናኛዎቹ አየር ላይ ከተንጠለጠሉ እንጨቱን እየመቱ ይንጫጫሉ። በብሎንና በፕላስቲክ ማሰሪያ ከሳጥኑ ግድግዳ ጋር ይጣበቁ፤ ሽቦዎቹም ከወረቀቶቹ ይራቁ።

ጊታር ከለገጣፎ፦ ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ

ባለ 16 ኦሙን መርካቶ ከብዙ መዞር በኋላ አገኘሁ፤ ቴስተሬን ከኪሴ አውጥቼ እዚያው ስለካው 12.7 አነበበ። ባለ ሱቁ ሣቀብኝ፤ እኔ ግን አላፈርኩም። ተርሚናሎቹን እዚሁ ለገጣፎ የሚሠራ የመኪና ኤሌክትሪሲያን ጨምቆልኛል፤ ሁሉንም ስስብ አንዱ ብቻ ወጣ፤ እሱም ተተካ።

ሁሉን ገጥሜ ሳጥኑን ከመዝጋቴ በፊት በገመዱ ጫፍ፣ በጃኩ ላይ ለካሁ። የጠበቅሁት 12 ወይም 13 ነበር፤ ያገኘሁት ግን 25.4 ሆነ። ትንሽ ደነገጥሁ።

የቴስተር ሰው፦ እሑድ

አይደንግጡ፤ ቁጥሩ ራሱ ቦታውን እየነገረዎ ነው። 25.4 ማለት 12.8 ሲደመር 12.6 ስለሆነ አንደኛው ጥንድ ብቻ ነው የሚሠራው። 3ኛውና 4ኛው ስፒከር ካሉበት መስመር አንድ ቦታ ተቋርጧል። ወደ 3 ቢያነብ ኖሮ አራቱንም በፓራለል አስረዋቸው ነበር እልዎት ነበር፤ ወደ ዜሮ ቢሆን ደግሞ ሾርት። በዚያ መስመር ያሉትን አራት ተርሚናሎች አንድ በአንድ ይንቀሉና ይመልከቱ።

ጊታር ከለገጣፎ፦ እሑድ ምሽት

አገኘሁት። 3ኛው ስፒከር ላይ ምላሱ ተርሚናሉ ውስጥ አልገባም ነበር፤ በብረቱና በፕላስቲክ መሸፈኛው መካከል ሾልኮ ነው የገባው። ከላይ ሲታይ የገባ ይመስላል፤ ሲሳብም ይይዛል፤ ነገር ግን የሚነካው ፕላስቲክ ነው። አውጥቼ በባትሪ እያበራሁ ቀጥ አድርጌ ስገፋው ጠቅ ብሎ ገባ። አሁን በጃኩ ላይ 12.8 ያነባል። ባለ 1.5 ቮልቱን ባትሪም በጃኩ ላይ ሳስነካ አራቱም ወረቀቶች እኩል ወደ ውጭ ብቅ አሉ።

መምረጫውን 16 ላይ አድርጌ አንድ ሰዓት ያህል ተጫወትንበት። መጀመሪያ ላይ ክፍት ኤ ክር ስመታ አንድ የሚንጫጫ ድምፅ ነበር፤ ከማገናኛዎቹ አንዱ ማሰሪያው ላልቶ እንጨቱን ይመታ ስለነበር አጠበቅሁት። አሁን የሚንጫጫው የክፍሉ ቆርቆሮ ብቻ ነው።

ብየዳ ይሻላል፦ እሑድ ምሽት

ለቆርቆሮው ሶልደር አልመክርም። ክረምት ሲያልፍ ተርሚናሎቹን አንድ ጊዜ ነቅለው መልሰው ይግፏቸው፤ እርጥበት የሚያጠቁረው ነገር በዚያው ይጸዳል።

አያት ኮንዶሚኒየም፦ ሰኞ ጠዋት

ውይይቱን ከመጀመሪያው ጀምሮ ሳነብ ነበር። ያ ባለ 8 ኦም ስፒከር አሁን ሥራ ፈትቶ ከሆነ እኔ እፈልገዋለሁ። በቤቴ ያለችው ትንሽ ሳጥን ባለ አንድ ስፒከር ናት፤ አምፕሊፋየሬም ትራንዚስተር ሆኖ ቢያንስ 8 ኦም ይላል።

ጊታር ከለገጣፎ፦ ሰኞ ከሰዓት

አለ፤ ይሠራልም። ቅዳሜ ወደ አያት እመጣለሁ፤ ቴስተርዎን ይዘው ይምጡ፣ እዚያው ይለኩት። ከተስማማን ከጭምቅ የተረፉ ሁለት ተርሚናሎች አብሬ እሰጥዎታለሁ።